ማንም መልሶ አልጠራኝም

እኛ ተራ ውስጥ ማሌዢያ ማለት አገር ሳይሆን ጨርቅ ነው። “ማሌዢያ አለሽ?” ብላ የምትመጣ ሴት የምትፈልገው ሻርፕ ነው፤ ቀለል ያለ፣ ከራስ ላይ የማይንሸራተት፣ ካውያ የማይፈልግ። እኔም እስከ ሃያ አንድ ዓመቴ ድረስ ሌላ ማሌዢያ አላውቅም ነበር።

ሱቁ የአክስቴ ነው። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመበት ሦስተኛው ደጅ የሚቀርበት ጠባብ ሱቅ። እናታችን ስትሞት እኔንና ታላቅ እህቴን ከወሎ ያመጣችን እሷ ናት። ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ “ፊደሉም ቁጥሩም ይበቃሻል” ብላ ሱቅ አስገባችኝ። እቃ ማጠፍና መደርደር ላይ ማንም አይደርስብኝም። መሸጥ ላይ ግን አልሆነልኝም። መርካቶ ውስጥ ሻጭ ማለት አፍ ነው፤ እኔ ደግሞ አፍ የለኝም። ታክሲ ውስጥ “ወራጅ አለ” ማለት ስለማፍር፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ እየጠበቅሁ ስንት ጊዜ ቤታችን ያለበትን አብነትን አልፌ ሄጃለሁ። ከዚያ በእግሬ እመለሳለሁ።

አክስቴ በየዓመቱ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ብቻዋን ኩዋላ ላምፑር ትሄድ ነበር። ጎረቤቶቻችን እቃቸውን ከአስመጪ ሲረከቡ እሷ በጣቷ ሳትዳስስ ጨርቅ አትገዛም። ዘንድሮ ግን ጉልበቷ እምቢ አላት። ከወንበር ለመነሳት መደርደሪያ መያዝ ጀመረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሲቀዘቅዝ አጠገቧ አስቀመጠችኝና፣

“አንቺ ትሄጃለሽ” አለችኝ።

“እትዬ፣ እኔ እኮ...”

“አንቺ እኮ ምን?”

ምን እንደሆንኩ እሷም ታውቃለች።

“ስሚኝ። እኔ ከእንግዲህ እዚህ መቆም አልችልም። ሱቁን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ልጄ ጫማ ልሙላበት እያለ ዓመት ሙሉ ጨቅጭቆኛል። ሄደሽ ጨርቁን ካመጣሽ ሱቁን አንቺ ትይዣለሽ። ካላመጣሽ ለሱ እሰጠዋለሁ። ያን ጊዜ አንቺን ቁጭ አድርጌ ማብላት አልችልም። እንደ እህትሽ ዓረብ አገር ትሄጃለሽ።”

በክፋት አልተናገረችውም። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው።

እህቴ ዓረብ አገር ከሄደች አራት ዓመት ሆኗታል። የመጀመሪያውን ዓመት በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሙቀቱ ታወራለች። በሁለተኛው ዓመት ወሬዋ አጠረ፤ “ደህና ነኝ” ብቻ ሆነ። ከዚያ ስልኩ መጥራት አቆመ። የላከቻትን ደላላ ስንጠይቃት “አሠሪ ቀይራ ይሆናል” አለችን። እስከ ዛሬ የምናውቀው ይህንኑ ነው። እህቴ ከእኔ በጣም ደፋር ነበረች። ታክሲ ውስጥ ስለ እኔም ጭምር “ወራጅ አለ” የምትለው እሷ ነበረች።

እንደምሄድ ሲሰማ ተራው ሁሉ ሳቀ።

“ይቺ? ይቺ ሽንት ቤት የት ነው ብላ መጠየቅ አፍራ ቤቷ የምትሮጠው?” አለች ፊት ለፊታችን ጂልባብ የምትሸጠው ሴትዮ።

“ማሌዢያ ደርሳ አብነት ነው ብላ እንዳትወርድ!” አለ የአክስቴ ልጅ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ማታ ማታ አክስቴ ታስተምረኝ ጀመር። ጨርቁን በጣትና በጣት መሃል አሽቼ ድምፅ ካለው እንድተው፣ ወደ ብርሃን ይዤ እንዳይ፣ የጠርዙን ስፌት እንድቆጥር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥሎ መሄድን። ይህን የመርካቶ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዋጋ አልወርድ ሲል ገዢ እቃውን አስቀምጦ ይሄዳል። ሻጭ ደግሞ “ነይ ነይ፣ ስንት ልትከፍዪ ነው?” እያለ መልሶ ይጠራዋል።

“አሥር እርምጃ ሳትሄጂ ይጠሩሻል” አለችኝ። “ዞር ብለሽ ካየሽ ግን አለቀልሽ። ልብሽ እዚያ እንደቀረ ያውቃሉ።”

ዞሮ መመለስ ምን እንደሚያመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት ሴት ጥላን ሄዳ ሦስት ሱቅ ዞራ ስትመለስ የአክስቴ ልጅ በተራው ሁሉ እንዲሰማ “ዞራ ዞራ መጣች! እመቤቴ፣ ከቅድሙ ጨምሯል!” ብሎ ጮኸባት። ሴትዮዋ ቀልታ በጨመረው ዋጋ ገዛች። እኔም አፌን በእጄ ሸፍኜ ስቄባት ነበር።

ገንዘቡን አክስቴ የውስጥ ቀሚሴ ላይ ሰፍታልኝ፣ እዚያ ሁልጊዜ የምትገዛበትን ሱቅ አድራሻ የያዘ ካርድ በእጄ አስይዛኝ ሄድኩ።

ኩዋላ ላምፑር ስደርስ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው፤ እርጥብ ብርድ ልብስ ፊቴ ላይ እንደተጣለ። ሰው ሁሉ ያልፋል። ሻርፕ ያደረጉ የማሌ ሴቶች፣ ቁምጣ የለበሱ ቻይናዎች፣ ግንባራቸው ላይ ነጥብ ያላቸው ህንዶች። ማን ባለ አገር፣ ማን እንግዳ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ሁሉም የሚሄዱበትን ያውቃሉ። ካርዱን ለአንዲት የጥበቃ ሴት ሰጠኋትና ምንም ሳልናገር ቆምኩ። እሷም ምንም ሳትናገር እጄን ይዛ ባቡር ድረስ ወሰደችኝ፤ ሮዝ ምልክት የተለጠፈበት ፉርጎ ውስጥ አስገባችኝ። ሴቶች ብቻ ነበሩበት። እዚያ ፉርጎ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ከዚያ ወረድኩና ተመለሰ።

ያረፍኩት ስድስት አልጋ ያለው የሴቶች ክፍል ውስጥ ነበር። ከእኔ አልጋ በላይ የተኛችው ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ከእሷ የሚበልጥ ቦርሳ የምታዝል ሴት ናት። ስልኳ ላይ በቋንቋዋ ስትጽፍ ስልኩ በአማርኛ ያነብልኛል፤ ዜና እንደሚያነብ ሰው ነው ድምፁ።

“ብቻሽን ነሽ?” አለኝ ስልኩ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

“እኔም! ስድስት ወር ሆነኝ። ማንም በማያውቀኝ ቦታ መሆን ደስ ይለኛል።”

አየኋት። የምትቀልድ አልመሰለኝም። ማንም የማያውቃት ቦታ ለመሆን ብላ ከፍላ የመጣች ሴት ናት። እኔ ደግሞ ከኋላዬ አንድ ሰው በስሜ ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ እንኳ፣ እቅፍ አድርጌ እስመው ነበር። ፀጉራም ቀይ ፍሬ ልጣ ሰጠችኝ። ከብስኩት ሌላ ያን ቀን የቀመስኩት እሱን ብቻ ነው። ምግብ ቤቶቹ ደጃፍ ድረስ እሄድና ምን ብዬ እንደማዝ ሳስብ ቆሜ እመለሳለሁ።

በማግስቱ ሱቁን አገኘሁት። የህንድ መስጊድ ባለበት ሰፈር፣ ጨርቅ እንደ መጋረጃ ከላይ እስከ ታች በተሰቀለበት መንገድ ላይ። ባለቤቷ በአክስቴ ዕድሜ ያለች የማሌ ሴት ናት። በሰላምታችን ተግባባን፤ “አሰላሙ ዐለይኩም” የትም አገር አንድ ነው። ከዚያ ወዲያ ቋንቋችን ካልኩሌተር ሆነ። ጨርቁን አወጣችልኝ። አሸሁት፣ ድምፅ የለውም። ወደ ብርሃን ያዝኩት። የአክስቴ ጨርቅ ራሱ ነው፤ በአሥራ አራት ቀለም። ደስታ እግሬ ድረስ ወረደ።

ዋጋዋን ጻፈች። ግማሹን ጻፍኩ። ፈገግ ብላ ትንሽ ቀንሳ ጻፈች። እኔም ትንሽ ጨመርኩ። አፍ በሌለበት ገበያ እኔም እንደ ሰው መከራከር እንደምችል ሳይ ድፍረት ገባኝ። እሷ ግን ያንኑ ቁጥር ደግማ ጻፈችና ካልኩሌተሩን ወደ እኔ አዞረችው። አሁን ነው አልኩ በልቤ። ጨርቁን በቀስታ አስቀምጬ፣ ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እርምጃዬን እየቆጠርኩ ሄድኩ። አሥር ሞላ። መንገዱ ጫጫታ ስለሆነ ነው፣ አሁን ይጠሩኛል አልኩ። ሃያ። ሠላሳ። አንገቴ እስኪያመኝ ድረስ ወደ ፊት ብቻ እያየሁ ነበር። የጨርቅ መንገዱ አልቆ የጫማ መንገድ ሆነ፤ እሱም አልቆ መኪና መንገድ ላይ ደረስኩ። እዚያ ቆምኩ። ማንም መልሶ አልጠራኝም።

ያን ጊዜ ብመለስ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ግን ያቺ ቀልታ የገዛችው ሴት ፊቷ መጣብኝ። የማሌዋ ሴት ሱቅ ውስጥ ያሉት ሻጮች ሲጮሁብኝ፣ መንገዱ ሁሉ ሲስቅብኝ፣ ባለቤቷም ዋጋውን ከፍ አድርጋ ስትጽፍ ታየኝ። ለዚያ የሚበቃ ገንዘብም ፊትም አልነበረኝም። ሌላ ቦታ አገኘዋለሁ ብዬ በሌላ መንገድ ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ድምፅ ላከችልኝ። “ያዝሽ?” የምትል አንዲት ቃል ናት። ከኋላዋ የተራው ጫጫታ ይሰማል፤ ተሸካሚ “ዞር በሉ!” ይላል፣ የአክስቴ ልጅ ይስቃል። የእግረኛ መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አራት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። ከዚያ “ያዝኩ” ብዬ ላክሁ።

ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ነገ እይዘዋለሁ፣ ያን ጊዜ እውነት ይሆናል ብዬ ይሆናል።

በማግስቱ ከጠዋት እስከ ማታ ዞርኩ። ያላሸሁት ጨርቅ የለም። አንዱ ይንሿሿል፣ አንዱ ይንሸራተታል፣ አንዱ ወደ ብርሃን ሲያዝ ወንፊት ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እግሬ አልንቀሳቀስ ሲል ከዚያ ሱቅ ሁለት መንገድ ወዲያ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰው እያየኝ እንደሆነ ባውቅም እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። እህቴን አሰብኳት። እሷም እንዲህ የሆነ ቦታ ተቀምጣ ይሆን? ማንስ አይቷት ይሆን? ከመርካቶ ወጥቼ እዚህ የደረስኩት እህቴ በሄደችበት መንገድ ላለመሄድ ነበር፤ አሁን በገዛ እግሬ ወደዚያው እየሄድኩ ነው።

ወደ አገሬ የምመለሰው ቅዳሜ ነው። ዓርብ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። የመጣው ይምጣ፣ ይሳቁብኝ ብዬ ገባሁ።

የሳቀብኝ የለም። ባለቤቷ እንዳየችኝ ሁለት እጄን ያዘችኝ። ስልኳን አውጥታ ተናገረችበት፤ ስልኩ በዚያው በዜና አንባቢ ድምፅ፣

“የት ጠፋሽ? ገንዘብ ልታመጪ የሄድሽ መስሎኝ ነበር። እቃሽን ለይቼ አስቀምጬልሽ ነበር” አለኝ።

“አሁን እወስደዋለሁ” አልኩ፤ ለስልኩ ነው የተናገርኩት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት።

“እስከ ትናንት አሥር ሰዓት ጠብቄሽ ነበር። ከዚያ ሌላ ነጋዴ መጥቶ ሁሉንም ወሰደው። አዲሱ የሚገባው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።”

አሥር ሰዓት። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነበርኩ፤ ሁለት መንገድ ወዲያ።

ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ውኃ አመጣችልኝ፤ “ለምን ሳትነግሪኝ ሄድሽ?” ብላ በስልኩ ጠየቀችኝ። በእኛ አገር ጥሎ የሚሄድ ሰው ይጠራል ብዬ እንዴት ላስረዳት? ስልኩስ ይህን እንዴት ይተረጉመዋል? “አላውቅም” አልኩ።

ከዚያ ሌላ ዓይነት አወጣችልኝ። ተሰፍቶ ያለቀ ሂጃብ ነው፤ እንደ ቆብ ከራስ ላይ የሚጠለቅ፣ መርፌ ቁልፍ የማይፈልግ። ጨርቁ መጥፎ አይደለም። ግን የአክስቴ ጨርቅ አይደለም፤ ሶማሌ ተራ ውስጥ እንዲህ ያለውን የሚያደርጉት ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ናቸው። ባዶ ሻንጣ ይዤ ከምመለስ ብዬ ገዛሁት። አልተከራከርኩም። የጻፈችውን ቁጥር አየሁና ራሴን ነቀነቅሁ።

ሱቅ ደርሼ ሻንጣውን ስከፍት አክስቴ ተቀምጣ ነበር። አንዱን አነሳች፣ አገላበጠች፣ ጠርዙን በጥፍሯ ፈተነች።

“ከሥሩ ነው ያለው?” አለችኝ፤ ጨርቋን ማለቷ ነው።

“የለም እትዬ።”

“ያዝኩ አላልሽኝም?”

ሁሉንም ነገርኳት። እርምጃ መቁጠሬን፣ አለመዞሬን፣ ሴትዮዋ እንደጠበቀችኝ። አክስቴ ሂጃቡን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

“እሷ ጋ እኮ ጥሎ መሄድ የለም” አለች። “አንዴ ትቀንሳለች፤ ከዚያ ወዲያ አንገቷን ብትቆርጪያት አትቀንስም። እኔ እሷ ጋ ተከራክሬ አላውቅም።”

“አልነገርሽኝም።”

“አልጠየቅሽኝም!”

ሁለታችንም እውነታችንን ነበር። እሷ የመርካቶን ነገር ስታስተምረኝ የዚያኛውን ረሳችው፤ እኔ ደግሞ ጠይቄ አላውቅም። ማንንም ምንም ጠይቄ አላውቅም።

ረመዳን ገባ። ገዢዎች መጡ።

“ማሌዢያ አለሽ?”

“አለ” ብዬ ሂጃቡን አወጣለሁ።

“ይሄ የተማሪ ነው እንጂ! ማሌዢያ ነው ያልኩሽ።”

“እኔ ራሴ ከዚያው...” እላለሁ፤ ሳልጨርሰው ፊት ለፊት ካለችው ጂልባብ ሻጭ ጋ ተሻግረዋል። ዘንድሮ እሷ ከአስመጪ ማሌዢያ አስገብታለች፤ የሚንሿሿውን። እሱም እየተሸጠ ነው። ከእኔ የገዙ ጥቂት ናቸው፤ አንዲት ነርስ፣ ሁለት እናቶች ለልጆቻቸው፣ አንዲት እንጀራ ሻጭ “እጄ ሊጥ ሲሆን አይፈታብኝም” ብላ ሁለት። ማታ ማታ የቀረውን መልሼ ሳጥፍ አክስቴ እየቆጠረች ታየኛለች። ዓይኗ ከስድብ ይብስብኛል። የደላላዋ ስልክ ቁጥር ስልኳ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ።

ትናንት ከዙሁር ሶላት በኋላ የአክስቴ ልጅ ሜትር ይዞ መጣ። የጫማ መደርደሪያ የሚሠራለት አናጢም አብሮት ነበር። ሰላም ሳይለኝ ከግድግዳው ጀምሮ መለካት ጀመረ። እሱ ቁጥሩን ሲጠራ አናጢው እጁ ላይ ይጽፋል። ወደ እኔ ሲደርስ በሂጃቡ ጥቅል ላይ ተቀምጬ ነበር።

“ተነሽ እስቲ፣ ከኋላሽ ልለካ” አለኝ።

አልተነሳሁም።

“ተነሽ እንጂ! መስማትም ተውሽ?”

አክስቴን አየኋት። እጇ ላይ የዱዓ መቁጠሪያዋን፣ መስበሃዋን ይዛ ቁልቁል ታያለች። ልቧን ማንበብ አልቻልኩም። የተቀመጥኩበትን ጥቅል በሁለት እጄ ያዝኩ።

“ከኢድ በኋላ ና” አልኩት። ድምፄ ቀጥኖ ነው የወጣው፤ እኔም የእኔ መሆኑን ተጠራጠርኩ።

“ምን አልሽ?”

“ኢድ አልደረሰም። ሱቁ የእትዬ ነው፣ እቃው ደግሞ አላለቀም። ከኢድ በኋላ ና።”

አናጢው ሳቀ። የአክስቴ ልጅ አልሳቀም፤ ሜትሩን እንደያዘ ወደ እናቱ ዞረ። “እማ፣ ትሰሚያለሽ?”

አክስቴ አንድ ዶቃ ገፋች። ቀጥላ ሌላ ገፋች።

“ሰምቻለሁ” አለች።

ሌላ አልጨመረችም። ሂድም አላለችው፣ ተነሽም አላለችኝ። ልጇ ሜትሩን ጥቅልል አድርጎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ኢድ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ከእግሬ በታች ያልተሸጠ ሦስት ጥቅል ሙሉ ሂጃብ አለ። ዛሬ ጠዋት ሱቁን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ማንም ክፈቺ አላለኝም።